ላፕቶፑ አርጅቷል ከማለታችሁ በፊት አንድ ፍላሽ ፈልጉ

የእህቴ ልጅ አካውንቲንግ ተማሪ ናት። ላፕቶፗን የላከላት ጀርመን ያለው አጎቷ ነው። ያገለገለ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩም የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት። መጀመሪያ ደህና ይሠራ ነበር። እየቆየ ግን አብርታው፣ ጀበና ጥዳ ስትመለስ እንኳን ገና ክቧ እየዞረች ትጠብቃታለች። ሁለት ነገር በአንዴ ከከፈተች ስታክ ያደርጋል። የመመረቂያ ጽሑፏ ደግሞ ደርሷል። ጥገና ቤት ወስዳው «ይሄማ አርጅቷል፣ ሌላ ግዢ» ተባለች። የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጠይቃ መጣችና ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ዝም አለች።

እኔ እጅ ላይ የነበረው አንድ ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ነው። ፍላሹ ላይ ሊኑክስ የሚባለው፣ በዊንዶውስ ምትክ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነበረ። ላፕቶፑ ላይ ምንም ሳንነካ፣ አንድም ፋይል ሳናጠፋ፣ በዚያው ምሽት ሞከርነው። እንዴት እንደሚሞከር ላስረዳችሁ የፈለግሁት ብዙ ሰው መሞከርንና መለወጥን አንድ አድርጎ ስለሚፈራ ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

መጀመሪያ ግን ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ በአማርኛው ስርዓተ ክወና ስለምንለው ነገር። ለማስረዳት ታክሲ ይመቸኛል። ኮምፒውተሩን ሚኒባስ በሉት። ወርድ፣ ክሮም፣ ቴሌግራም ተሳፋሪዎች ናቸው። ስርዓተ ክወናው ረዳቱ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያደላድለው፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለው፣ ወራጅ ሲኖር ለሹፌሩ የሚነግረው እሱ ነው። ራም ደግሞ ወንበሩ ነው። ገና ተሳፋሪ ሳይገባ ረዳቱና የረዳቱ ዕቃ ግማሹን ወንበር ከያዙት፣ ሦስት ሰው ሲገባ ታክሲው ይሞላል። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ የሆነው ይኸው ነው። መኪናው ደህና ነው፤ ረዳቱ ከብዶታል።

አብዛኞቻችን ኮምፒውተር ስንገዛ ዊንዶውስ አብሮ ስለሚመጣ ሁለቱ አንድ ይመስሉናል። ግን ረዳት ይቀየራል። መኪናው ያው ሆኖ ሌላ ረዳት ይወጣበታል።

ይህ ጉዳይ አሁን የብዙ ቤት ጉዳይ ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም። ነገር ግን አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም። ለግለሰቦች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ቢኖርም መመዝገብ ይጠይቃል። ወደ ዊንዶውስ 11 ልሂድ ካላችሁ ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ያስፈልጋል፤ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ። ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የመጣው ብዙው ላፕቶፕ ይህን መስፈርት አያሟላም።

ታዲያ ሊኑክስ ምንድን ነው? ታሪኩ የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም ክረምት ነው። እዚህ ደርግ ወድቆ አገር ሁሉ ስለ መንግሥት ለውጥ ሲያወራ፣ ፊንላንድ ውስጥ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለራሱ ኮምፒውተር የስርዓተ ክወና እምብርት እየጻፈ ነበር። ነሐሴ 19 ቀን ለሌሎች አሳወቀ። የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፣ ትልቅ ነገር አይሆንም ብሎ ነበር። ሰው ግን ኮዱን ወሰደው፣ አረመው፣ ጨመረበት። ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የሚባለውን ፕሮጀክት ጀምሮ ስለነበር የዚያ መሣሪያዎችና የሊነስ እምብርት ተገናኙ። ዛሬ የአንድሮይድ ስልካችሁ እምብርት ሊኑክስ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ፈጣን ከሚባሉት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ሁሉም የሚሠሩት በሱ ነው። ስለዚህ «ሊኑክስ ነክቼ አላውቅም» የሚል ሰው ስልኩን ከኪሱ ያውጣ።

ስለ ነፃነቱም አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ ይቸገራሉ፤ ዋጋ የሌለውንም ነፃነት ያለውንም በአንድ ቃል ስለሚጠሩት፣ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ሁሌ ማብራራት አለባቸው። እኛ አንዲት «በ» ትገላግለናለች። «በነፃ» ስንል ገንዘብ አይከፈልበትም ማለታችን ነው፣ «ነፃ» ስንል ጌታ የለበትም ማለታችን ነው። ሊኑክስ በነፃ ይገኛል። ከዚያ በላይ ግን ነፃ ነው። ኮዱን ማየት፣ መለወጥ፣ ለመቶ ሰው ማባዛት ትችላላችሁ፤ ፈቃዱ ራሱ ይህን መብት ይሰጣችኋል።

ለኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ከማውቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ነው። ክራኩን ለመጫን ደግሞ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይባላል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም፣ ጠባቂውን አስወጥተን፣ በሩን ከፍተን እናስገባለን ማለት ነው። በዚያው ኮምፒውተር የባንክ ሒሳባችንን እንከፍታለን። ይህ ያሳስበኛል፣ ሁሌም።

ሊኑክስ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። እንደ ሽሮ አስቡት። ዱቄቱ ያው ሆኖ አንዱ ቤት ቦዘና፣ ሌላው ቤት ተጋቢኖ ይወጣል። እነዚህን ዓይነቶች ሰው ዲስትሮ ይላቸዋል። ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራ፣ ደቢያን የታወቁት ናቸው። ኡቡንቱ የአፍሪካ ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ሲሆን ስሙም በእነ ዙሉ ቋንቋ ሰብአዊነት፣ ሰው ለሰው መሆን ማለት ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ ለጠየቀ ሰው ሁሉ ሲዲውን በፖስታ በነፃ ይልኩ ነበር። ሊኑክስ ሚንት እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀምሮ በኡቡንቱ ላይ የተገነባ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ሚንትን ነው። ከታች በግራ በኩል ሜኑ አለ፣ ከታች መስመር አለ፣ ሰዓቱ በቀኝ ነው። ከዊንዶውስ የመጣ ሰው ግራ አይጋባም።

ሚንት ራሱ የተለያየ ገጽታ አለው። ራማችሁ 8 ጊጋባይት ከሆነ ሲናመን የሚባለውን ውሰዱ፣ ያምራል። 4 ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን። ኤክስኤፍሲኢ ቀለል ያለ ነው፤ ባዶውን ሲከፈት ወደ 1 ጊጋባይት አካባቢ ብቻ ነው ሲይዝ ያየሁት። የሚንት ሠሪዎች ራሳቸው ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃሉ፤ እንዲመች ግን 4 እና 100 ይመረጣል ይላሉ።

ሚንትን የያዘው፣ ከኢንተርኔት የምታወርዱት ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። ጥቅላችሁን አስቡበት፤ ወይም ያወረደ ጓደኛ ካለ ከሱ ቅዱ። መቅዳት እዚህ ስርቆት አይደለም። ግን ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን አረጋግጡ። ኔት እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ሙሉ መስሎ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ መሀል ላይ ይሰናከላል። ከፋይሉ ጋር ሻ-256 የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ይወጣል። በእናንተ ኮምፒውተር ላይ አስልታችሁ ከዚያ ጋር ማመሳከር ነው። አንድ ፊደል ከተለየ እንደገና አውርዱ።

ቀጥሎ ፍላሹ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፋይሉን ኮፒ ፔስት አድርጋችሁ ፍላሹ ላይ ብታስቀምጡት አይነሳም። ሩፈስ በሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ነው የሚጻፈው። ፍላሹን ሰክታችሁ፣ ፋይሉን መርጣችሁ፣ ጀምር ትሉታላችሁ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ የሠርግ ቪዲዮ ያለበትን ፍላሽ እንዳታመጡ።

አሁን ላፕቶፑ ከሃርድ ዲስኩ ሳይሆን ከፍላሹ እንዲነሳ ማድረግ አለባችሁ። ስታበሩት ወዲያው አንድ ቁልፍ ደጋግማችሁ ትጫናላችሁ። ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12 ነው፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9። ካመለጣችሁ ሌላ መንገድ አለ። ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትን ተጭናችሁ ይዛችሁ ሪስታርት በሉ። ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ ከዚያ ውስጥ በመሣሪያ ተነሳ የሚለውን መርጣችሁ ፍላሹን ታሳዩታላችሁ። በዚህ መንገድ ስትገቡ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለሚዘጋ ይመረጣል። በተለመደው ሸት ዳውን ስትዘጉት ብዙ ጊዜ ከፊሉን አስተኝቶ ነው የሚዘጋው፣ ያኔ ሊኑክስ ዲስኩን ለመንካት ይከለከላል።

አንድ ጥንቃቄ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የላፕቶፑ የራሱ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ ሴኪዩር ቡት የሚለውን አትነካኩ። ሚንትም ኡቡንቱም እሱ በርቶ ይሠራሉ። አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸውን ቢትሎከር በሚባል ቁልፍ ይቆልፋሉ፣ ባለቤቱ ሳያውቅም ጭምር። ቅንብሩ ሲነካ ዊንዶውስ ተነስቶ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ያ ቁጥር ከሌላችሁ ፋይላችሁ ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

የዚያን ምሽት ፍላሹ ሲነሳ ጥቁር ገጽ መጣ፤ ነጫጭ ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ጠፋ። የእህቴ ልጅ እጄን ያዘችኝ። «አጎቴ፣ ፋይሎቼ!» አለች። «አልነካናቸውም፣ ጠብቂ» አልኳት። ከአፍታ በኋላ ዴስክቶፑ ወጣ። ዋይፋዩን ጠቆምኩ፣ የቤታችን ስም እዚያ ነበር፣ የይለፍ ቃሉን አስገባች፣ ተገናኘ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ከፍላሹና ከራሙ ላይ ነው። ሃርድ ዲስኩ ዳር ቆሞ ተመልካች ነው። በዚህ ሰዓት የምትመለከቱት ፍጥነቱን አይደለም፤ ከፍላሽ ሲነሳ ቀርፋፋ ነው፣ ተጭኖ ሲሠራ የተሻለ ይሆናል። የምትመለከቱት ዕቃው ሁሉ ከሊኑክስ ጋር መግባባቱን ነው። ድምፅ ይወጣል? ካሜራው ይከፈታል? ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱት ይነቃል? ፕሪንተራችሁን ሰክታችሁ አንድ ገጽ አውጡ። በተለይ ዋይፋዩ ላይ ጊዜ ስጡ፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው የዋይፋይ ካርድ ተጨማሪ ድራይቨር (ዕቃውን ከስርዓተ ክወናው ጋር የሚያግባባ ትንሽ ፕሮግራም) ይፈልጋል፣ ያን ጊዜ በስልካችሁ የዩኤስቢ ገመድ ኔት ሰጥታችሁት ድራይቨሩን ታወርዳላችሁ። ኮምፒውተሩን ስታጠፉ እዚያ የሠራችሁት ሁሉ ይጠፋል፤ ጽሑፍ ከጻፋችሁ ሌላ ፍላሽ ላይ ወይም ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ።

ቀጥሎ ልጅቱ የመመረቂያ ጽሑፏን የያዘውን ፍላሽ አወጣች። ያን ቀን ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳው ነበር። ቤት ስትመለስ ፎልደሮቿ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ይህ ቫይረስ ያልደረሰበት ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ሊኑክሱ ላይ ሰካነው። ሾርትከቶቹ ተደርድረው ታዩ፣ ከእነሱ በላይ ግን ስም የሌለው አንድ ፎልደር ነበረ። ከፈተችው። ሦስቱም ምዕራፎች ውስጡ ተቀምጠዋል፣ አንድም አልጎደለም። ቫይረሱ ፋይሉን አላጠፋውም ነበር፤ ዊንዶውስ እንዳያሳየው ደብቆ በምትኩ ራሱን የሚያስነሳ ሾርትከት አስቀምጧል። ሊኑክስ ያንን የመደበቂያ ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስም እዚያ ላይ መነሳት አይችልም። ይህ ማለት ሊኑክስ ላይ አደጋ የለም ማለት አይደለም። የማታውቁት ሰው «ይህን ትእዛዝ ጻፍ» ሲላችሁ አትጻፉ፣ ሶፍትዌርም ከራሱ ከሚንት የሶፍትዌር ማከማቻ አውርዱ። በዚያው መንገድ፣ ዊንዶውሱ አልነሳ ካለ ኮምፒውተር ላይም ፋይል ማውጣት ይቻላል። ዲስኩ ካልተቆለፈና ካልተበላሸ በፍላሹ አስነስታችሁ ፎቶና ሰነዱን ወደ ሌላ ዲስክ ትገለብጣላችሁ። ለዚህ ብቻ እንኳን ይህን ፍላሽ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ዋጋ አለው።

አማርኛስ? መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነው። ለማንበብ ችግር የለም፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት ካለ ሁሉም ይነበባል። ለመጻፍ አይባስ ከሚባለው ማስገቢያ ጋር ኤም17ኤን የሚባለውን ከሶፍትዌር ማከማቻው ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ አማርኛን ትመርጣላችሁ። አጻጻፉ ለለመደ ሰው ቀላል ነው። የኤስን ቁልፍ ስትጫኑ «ስ» ትወጣለች፣ የእንግሊዝኛውን ኢ (E) ስትጨምሩ «ሰ» ትሆናለች። ኪማን የሚባለውም ለሊኑክስ አለ። የልጅቱ ላፕቶፕ ከጀርመን ስለመጣ ዜድና ዋይ ቦታቸው ተለዋውጧል፤ የኪቦርዱን ዓይነት ጀርመን ብለን ስንመርጥ የታተመውና የሚጻፈው ተስማሙ።

ፓወር ግዕዝ ለለመዳችሁ ግን እውነቱን ልናገር። እሱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድም ፎንቱ ከሌለ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል፤ ፎንቱን ወስዳችሁ ብትጭኑት ይነበባል። በኒያላ የተጻፈ የወርድ ሰነድም ሊኑክስ ላይ ሲከፈት ኒያላ ስለሌለ በሌላ ፎንት ይተካል። ይነበባል፣ ግን ገጹ ይንሸራተታል፤ 40 ገጽ የነበረው 43 ሊሆን ይችላል። ለኅትመት የሚሄድ ነገር ከሆነ ፒዲኤፍ አድርጉት።

ወርድና ኤክሴልን የሚተካው ሊብሬ ኦፊስ አብሮ ይመጣል። ለደብዳቤ፣ ለተማሪ ጽሑፍ፣ ለመደበኛ ሠንጠረዥ በቂ ነው። መሥሪያ ቤት የምትለዋወጡት ብዙ ፎርሙላና ማክሮ ያለው ኤክሴል ከሆነ ግን ትቸገራላችሁ። ፎቶሾፕ፣ አውቶካድ፣ ፒችትሪ ሊኑክስ ላይ አይጫኑም። ዋይን የሚባል የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ለማስነሳት የሚሞክር መሣሪያ አለ፣ ግን ኑሯችሁ የቆመበትን ሥራ በሱ ላይ አትጣሉ። ፒችትሪ ላይ የሚውል ሒሳብ ሠራተኛ ዊንዶውሱን ይያዝ። ይህን የምለው ሊኑክስን ስለምወድ ነው፤ ያለ ቦታው የተጫነ ነገር ሰውን አስመርሮ ለዘለዓለም ያስጠላዋል።

ወዳችሁት ልትጭኑት ከወሰናችሁ ከሁሉ በፊት ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። እኔ መጀመሪያ የጫንኩ ቀን ስክሪኑ ላይ የወጣውን በደንብ ሳላነብ ዲስኩን አጥፍተህ ጫን የሚለውን ተጫንኩ። የወንድሜ ሠርግ ፎቶዎች እዚያ ነበሩ። ሌላ ቅጂ አልነበረም። እናቴ አሁንም ትጠይቀኛለች። ስለዚህ ያ ገጽ ሲመጣ እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሱና ሁለት ጊዜ አንብቡ። ዋናዎቹ ምርጫዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሁሉን ያጠፋል፣ ሌላው ከዊንዶውስ ጎን ያስቀምጠዋል። ሁለተኛውን ስትመርጡ ዲስኩን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ለማን ስንት ጊጋ እንደሚደርስ ደግሞ እናንተ ትወስናላችሁ። ባትሪው ይሙላ፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ዲስክ በሚከፈልበት ሰዓት መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ቢጠፋ ሁለቱንም ልታጡ ትችላላችሁ።

ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ከሁሉ አስቀድሞ የድሮውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ፣ ማለትም ምንም በማይሽከረከርበት ፈጣን ዲስክ፣ ቀይር እለዋለሁ። ለፍጥነት ከዚያ የሚበልጥ ነገር የለም፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም። እንደዚሁም ሊኑክስ ጫንኩ ብሎ 4 ጊጋ ራም ላይ ሃያ ታብ የሚከፍት ሰው አሁንም ስታክ ያደርግበታል። ረዳቱ ቢቀልም የወንበሩ ቁጥር ያው ነው።

የእህቴ ልጅ ከዊንዶውሱ ጎን ጫነችው። ፒችትሪ ለትምህርቷ ስለሚያስፈልጋት ዊንዶውሱን አላጠፋንም። ኤስኤስዲ እስካሁን አልገዛችም። ቢሆንም አሁን ጀበናው ሳይፈላ ይከፈትላታል፣ ጽሑፏንም እዚያው ላይ ጨርሳ አስገባች። ላፕቶፑ ሲበራ ጥቁር ገጽ ላይ ሁለቱ ስም ተደርድረው ይመጡና ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃሉ። ዝም ካለች ሚንቱ ይነሳል። የፒችትሪ የቤት ሥራ ያለ ቀን የታች ቀስቱን ትጫናለች።